የዳርጌ ትንፋሽ በታብሌት ውስጥ

እኔ ሙዚቃ የምወድ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ አንድ የሙዚቃ መምህር ልጽፍ ስነሣ "ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?" የሚል እንዳይኖር ነው። መስከረም እባላለሁ፤ የማስተምረው አማርኛ ነው። ጂንካ ተመድቤ የመጣሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ እስካሁን አለሁ። ለምን ቀረሽ ሲሉኝ "ማንጎው ጣፍጦኝ" እላለሁ። እውነቱ ግን ሰው ለምጄ ነው። ከለመድኳቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ ኤርጎ ነው።

ኤርጎ ዳርጌ የአሪ ልጅ ነው። የተወለደው ከጂንካ በላይ፣ ዳገቱን ወጥተው እንሰቱ ጥቅጥቅ ካለበት መንደር ነው። እናቱ የተወለደበትን ጊዜ ስትጠየቅ "መንግሥት ሲለወጥ" ትላለች፤ እንግዲህ 1983 መሆኑ ነው። አርባ ምንጭ መምህርነት ተምሮ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። አጠር ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። እኔ ስናደድ ሰፈር ይሰማል፤ እሱ ሲናደድ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይለኛል። "ዝም ባለ አፍ ጉርሻም አይገባም" እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው የከረምነው።

በትምህርት ቤታችን ሙዚቃ ማለት ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ። አንድ ቆዳው የተቀደደ ከበሮ ነበረን። ከኤርጎ በፊት የነበረው መምህር ሰሌዳው ላይ "ዶ ሬ ሚ ፋ" ብሎ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በፈተና "ከፋ ቀጥሎ ማን ይመጣል?" ይባላሉ። አንድ ድምፅ ሳይሰማ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ብዙዎቻችን ክፍለ ጊዜውን የምንፈልገው ለማካካሻ ነበር፤ እኔም ስንት ጊዜ ነጥቄ ሰዋስው አስተምሬበታለሁ።

ኤርጎ ግን እንዲህ ማስተማር አልሆነለትም። ስልክ ነበረችው፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ። ከትምህርት በኋላ አስጎብኚዎችና ቱሪስቶች የሚያርፉበት አንድ ሆቴል ይሄድና፣ አንድ ለስላሳ አዝዞ በዋይፋዩ ቪዲዮ ያወርዳል። ለስላሳዋ እስክትሞቅ ይጠጣታል። አስተናጋጆቹ እስኪሰለቹት ድረስ ከውጭ አገር መምህራን የሙዚቃ ትምህርት ይለቅማል። በማግስቱ ስልኳን ከመስኮቱ ብረት ጋር በሻሽ ያስርና፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን በተዋሰው ስፒከር ድምፁን ይለቀዋል። ሰባ ልጅ አንዷን የተሰነጠቀች ስክሪን ለማየት ይጋፋል። መብራት ሲሄድ እየቀለደ በእጁ ያስጨበጭባቸዋል። እኔ ከጎን ክፍል ሆኜ "ኧረ ቀንሱልን!" እያልኩ ግድግዳውን እመታለሁ። በኋላ ልጆቹ የእኔን የግድግዳ ምት ሳይቀር ከጭብጨባው ጋር ማስማማት ጀመሩ።

በ2012 መጀመሪያ፣ አንድ ቀን የሻይ እረፍት ላይ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ "መስኪ፣ እይ እስቲ" አለኝ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ የፈረንጅ ልጆች በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ደወል ይዘዋል። አንዱ ያንቃጭላል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ዜማው ከመሐላቸው ይወጣል።

"እና?" አልኩት።

"ይሄማ የአባቴ ነው!" አለና ሳቀ። ኤርጎ ጮክ ብሎ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በእነ ኤርጎ መንደር ወንዶች ተሰብስበው የቀርከሃ ዋሽንት ይነፋሉ። ዋሽንቱ እረኛ በጣቱ እየከፈተና እየዘጋ የሚጫወትበት ዓይነት አይደለም። እያንዳንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን። ሰውየው ሌሎቹን እያዳመጠ ይቆይና ተራው ሲደርስ የራሱን ጣል ያደርጋል። ብቻውን ሆኖ ዜማውን የሚያወጣው ሰው የለም። በመንደራቸው ደግሞ ሕግ አለው፤ ድምፅህ ያንተ ነው፤ በእጅህ ካልሰጠኸው በቀር ሌላ ሰው ያንተን ዋሽንት አይነፋም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ዋሽንቱን ለሚገባው ሰው በእጁ እስኪያስረክብ ድረስ ቦታው ዝም ይላል። ዘፈኑ አይቆምም። የሟቹ ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ቪዲዮውን ባየ በሳምንቱ ኤርጎ አባቱን አቶ ዳርጌን ይዞ መጣ። ሽማግሌው የቀርከሃ ሸክም ተሸክመው፣ ቅጥር ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ሲቆርጡ፣ ሲነፉ፣ እንደገና ሲቆርጡ ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የዋሽንት ክበብ ተመሠረተ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሰበሰባል። ወንድም ሴትም ይነፋል፤ አቶ ዳርጌ መጀመሪያ ሴቶቹን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ፣ ኋላ ቤቲ የምትባል ጥርሷ የወለቀ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከሁሉም አስተካክላ ስትነፋ "ይነፋ፣ ይነፋ" ብለው ፈቀዱ። ረጅሙን ዋሽንት ግን ለመንፋት የሚችል ሳንባ ያለው ልጅ ጠፋ። እሱን በመንደራቸውም የሚነፉት ራሳቸው ዳርጌ ነበሩ። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ ወደ ክበቡ ጎራ ይሉና ከልጆቹ መካከል ቆመው ይነፋሉ። ከመንፋታቸው በፊት ትንሽ ሳል ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ፍሥሐ ልምጣ። ስሙን ስጽፍ ንዴቴ ይመጣል።

ፍሥሐ የኮምፒውተር መምህር ሆኖ በ2009 ከሌላ አካባቢ ተመድቦ መጣ። ኤርጎ በተከራየበት ግቢ አጠገቡ ያለውን ክፍል ተከራየ። ተጫዋች፣ አፈ ቅቤ፣ ለሁሉም ቅጽል ስም የሚያወጣ ሰው ነበር። እኔን "እቴ ነጥብ" ይለኝ ነበር፣ የተማሪ ነጥብ ስለማልለቅ። እወደው ነበር፤ አልክድም። ከኤርጎ ጋርማ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ኤርጎ በ2011 ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ፍሥሐ ነበር። አቶ ዳርጌ በሠርጉ ቀን እጃቸውን በፍሥሐ ራስ ላይ ጭነው "ሁለት ልጅ ሆነልኝ" ብለው መረቁት። ቆሜ አይቻለሁ።

የኤርጎ ሐሳብና የፍሥሐ ላፕቶፕ ሲገናኙ አንድ ነገር ተወለደ። የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ፣ የአቶ ዳርጌንም ከነሳላቸው፣ ለየብቻው በስልክ ይቀዳሉ። ከዚያ ፍሥሐ ከኢንተርኔት ባወረደው በነፃ የሚሠራ መተግበሪያ አንድ ላይ ያዋህዱታል። ሐሳቡ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ኤርጎ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ቅጂ ያወጣለታል፤ በቅጂው ውስጥ የሁሉም ድምፅ አለ፣ የዚያ ልጅ ብቻ የለም። ሉቃስ የሚባለው ተማሪ ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ዘፈኑ ይመጣል፣ ይመጣል፣ የሉቃስ ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። ያን ክፍተት በዋሽንቱ መሙላት የሉቃስ ፈንታ ነው። "ልጁ የራሱን ቦታ ያውቃል፣ እኔ ከሌለሁ ይጎድላል ይላል" አለኝ ኤርጎ። እኔ የአማርኛ መምህር ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ ወደየመንደራቸው ተበተኑ። ኤርጎና ፍሥሐ በሚሞሪ ካርድ እየጫኑ፣ ቅዳሜ ገበያ ለሚመጡ ወላጆች ይሰጡ ነበር፤ ቴሌግራም ያለው በቴሌግራም፣ የሌለው ከጎረቤት ስልክ በብሉቱዝ። ወላጆቹ ቅቤና ቆጮ ለገበያ በሚያወጡበት ዘንቢል ሚሞሪ ካርድ በጨርቅ ቋጥረው ይመለሳሉ። ልጆቹ ለብቻቸው፣ በየጎጇቸው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ተለማመዱ። በ2013 ትምህርት ሲከፈት፣ ክፍል ውስጥ መጠጋጋት አይቻልም ተብሎ ስለ ነበር፣ ኤርጎ ሁሉንም ከብት ወደሚግጥበት ወደ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ይዟቸው ወጣ። አራርቆ አቆማቸው። አቶ ዳርጌ ሳል አሉና ነፉ። ልጆቹም ቀጠሉ፤ አንዱም ቦታውን አልሳተም። ባጃጆች ቆሙ። እኔ ሙዚቃ የማልወደው ሴትዮ አለቀስኩ፣ በማስኬ ተሸፍኜ።

በዓመቱ አቶ ዳርጌ ሞቱ። ታመው አልከረሙም፣ በጥቂት ቀን አለፉ። ከቤት እስከ መቃብር ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ፍሥሐ ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ኤርጎ ወደ ፍሥሐ ክፍል ገባ፤ እኔም ነበርኩ።

"የአባቴን ድምፅ አጥፋልኝ" አለው። "ከላፕቶፑም ከፍላሹም። በልጆቹ ካርድ ያለውን እኔ ሰብስቤ አጠፋለሁ። ዋሽንቱን ለማን እንደምሰጥ ገና አልወሰንኩም። እስከዚያ ዝም ማለት አለበት።"

"አባቴም አይደሉ እንዴ!" አለ ፍሥሐ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "በእናቴ ስም፣ አንዲት አላስቀርም።" ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረና እያየን ሰረዘው። ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ክበቡ ሲነፋ የዳርጌ ቦታ ሲደርስ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ማንም ሳይነግራቸው ዓይናቸውንም መሬት መሬት ያደርጉ ነበር። ኤርጎ ረጅሙን ዋሽንት ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የበኩር ልጅ እንደ መሆኑ መውሰድ የሚችለው እሱ ነበር፤ "ገና ነኝ" ይላል። የአባቱ ድምፅ ተቀድቶ እንደ ነበር ለእናቱ አልነገራትም። ምን ይሁነኝ ብሎ ይነግራታል፣ ጠፍቷል ብሎ ያምናል።

በ2015 ከትምህርት ቢሮ ጥሪ መጣ፤ መምህራን የሠሩት ዲጂታል የማስተማሪያ መሣሪያ ይወዳደራል ተባለ። ፍሥሐ "እኔ ላቅርበው፤ አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ ትናገር እንደሆን ዳኞቹ ተኝተው ያድራሉ" ብሎ ኤርጎን አሳቀው። ኤርጎም እሺ አለ። ያለው ነገር ይህ ብቻ ነበር፦ "የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ተናገርላቸው።"

ፍሥሐ ሄደ። አሸነፈ ተባለ። ተመልሶ እቃውን ሲጭን እኔና ኤርጎ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ለመሰናበት እንኳ አልጠበቀንም። ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ። ኤርጎ ሲደውልለት "ስብሰባ ላይ ነኝ ወንድሜ" ይላል፤ ቆይቶ ኔትወርክ አስቸገረኝ ማለት ጀመረ፤ ኋላም ማንሳቱን ተወው። እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ "ኧረ ይሄ ሰው!" ብዬ ነበር። ኤርጎ "ሥራ በዝቶበት ነው" እያለ ይከላከልለታል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ኤርጎ ግን ከወደቀ በኋላም ፈረሱን አደናቅፎት ነው የሚል ዓይነት ሰው ነው።

በ2017 ከትምህርት ቢሮ ታብሌቶች መጡልን። በካርቶን ታሽገው፣ ከአሠልጣኝ ጋር። መምህራን በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ እኔ ከኤርጎ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ ሒሳቡን አሳየን፣ እንግሊዝኛውን አሳየን፣ ከዚያ "ሙዚቃ" የሚለውን ነካ። የቀርከሃ ዋሽንት ሥዕል በረድፍ ተደርድሮ ወጣ። አንዱን ሲነካው ድምፅ ሰጠ።

ኤርጎ ቀና አለ። "ሉቃስ ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

ሰውየው ቀጣዩን ነካ። "ቤቲ ናት። ጥርሷ የወለቀ ጊዜ።" ቀጠለ፤ ኤርጎ ሁሉንም አወቃቸው። በመጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ የዋህ ነው፣ ልጆቹ እዚህ ደረሱ ብሎ ደስ ብሎታል። አሠልጣኙ "በፊት ይህን ለመጫወት ስንት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አንድ ተማሪ በአንድ ጣቱ ሙሉውን ይጫወታል" አለና ወደ መጨረሻው፣ ወደ ረጅሙ ሄደ። ነካው።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

መምህራኑ ሳቁ። ሳሉ አስቋቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም። ኤርጎ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ታብሌቱን ከአሠልጣኙ እጅ ተቀብዬ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩት። አዘጋጅ፦ ፍሥሐ። ኤርጎ የሚል የለም። ሉቃስም፣ ቤቲም የለም። ከሥር በትንንሽ ፊደል "ድምፆቹ ከአካባቢው ማኅበረሰብ የተሰበሰቡ" ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ኤርጎን "የአካባቢው ማኅበረሰብ" አደረገው!

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ያህል ልናገር። ዳይሬክተራችን አቶ ሕዝቅኤል ክፉ ሰው አይደሉም፣ የመምህር እጥረት ስላለባቸው ግን "ታብሌት ካለ ሙዚቃን ማንም ይይዘዋል" ብለው ኤርጎን ወደ አካባቢ ሳይንስ አዛወሩት። ዋሽንቶቹ ዕቃ ክፍል ገቡ። ቅዳሜ የሚመጣ ልጅ ጠፋ፤ ቤቲ እንኳ ቀረች። ታብሌቱ ላይ ሁሉንም መጫወት እየቻለች ለአንድ ድምፅ ለምን ቅዳሜዋን ታባክን? ልጆቹ ከሁሉም በላይ የሚነኩት ደግሞ ረጅሙን ነው፤ ሳሉ ያስቃቸዋል። ሙዚቃ በሆነ ቁጥር አንዱ "ሽማግሌው!" ይላል፣ ሌላው ይነካል፤ ሳል፣ ድምፅ፤ ሳል፣ ድምፅ። ኤርጎ ከማዶ ክፍል ስለ አፈር መሸርሸር እያስተማረ ያንን ይሰማል። ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ዝም ብሎ ቆሞ አይቼዋለሁ። ልጆቹን አልተቆጣም። አዲሶቹ ማን እንደ ሆነ አያውቁማ።

"ሌላው ይቅርብኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ስሜንም ይውሰደው፣ ክፍለ ጊዜዬንም ይውሰደው። አባቴን ግን ያውጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

የእሱን ስልክ ስለማያነሳ በእኔ ስልክ ደወልን፤ ድምፁን ለሁለታችን ለቀቅኩት።

"እቴ ነጥብ!" አለ ፍሥሐ። ያ አፉ ዛሬም ቅቤ ነው።

"ኤርጎ ነኝ" አለው ኤርጎ።

"ወንድሜ! እንዴት ነህ? ልደውልልህ እያልኩ እኮ..."

"አባቴን አውጣው።"

"ስማኝ ኤርጎ። ለአንተም ብዬ ነው። አባባ እንዳይረሱ ብዬ ነው። ረጅሙ ከወጣ ዘፈኑ መሠረት አይኖረውም፣ ታውቀዋለህ..."

"በእናቴ ስም ብለህ ነበር።"

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። "አንተ ከሃዲ! ቃሬዛውን በያዝክበት እጅህ ሰረቅካቸው!" አልኩት፤ ሌላም ያልኩት አለ፣ እዚህ አይጻፍም። ኤርጎ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

በመጨረሻ ፍሥሐ ድምፁ ለወጥ አለ። "እሺ። የድምፁ ባለቤት እማማ ናቸው። እሳቸው በአንደበታቸው አውጣው ካሉኝ፣ በዚያው ቀን አስወጣዋለሁ። በእሳቸው ቃል አልጫወትም።" ብሎ ዘጋው።

ይህን ያለው ሊያላግጥ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ኤርጎ ግን ፊቱ በራ። እናቱ ከመንደሩ ሁሉ የአባቱን ሥርዓት የምታጠብቅ ናት፤ ኤርጎ ቤት የተሰቀለውን የባሏን ዋሽንት ልጆች እንኳ እንዲነኩ አትፈቅድም። "አለቀ" አለኝ። "እሷ ትነግረዋለች።"

ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ይዟት መጣ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋን ከደረቷ ያስጠበቀች ሴት ናት። ዘንቢሏን በሩ ሥር አስቀመጠችና የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከዴስኩ ጋር ይጋጫል። ኤርጎ በአሪ ቋንቋ ረጅም ነገር ነገራት። እየሰማች ፊቷ አልተለወጠም። ከዚያ እኔ ታብሌቱን ከፍቼ ፊቷ አደረግኩላት፣ ኤርጎም ነካው።

ዳርጌ ነፉ።

እናቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዞር ብላ በሩን አየች፤ ሰው የገባ መስሏት ይሆናል። ከዚያ በጣቷ ወደ ታብሌቱ እያመለከተች አንድ ቃል አለች፤ ኤርጎ እንደገና ነካው። እንደገና። ከእጁ ወሰደችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ አዳመጠች። ኤርጎ መናገር ጀመረ፤ እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከዚያ እሷ ተናገረች። ድምፅዋ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ፤ እሱ ደግሞ አንገቱን እየደፋ።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፁ አንተ ጋ ነበር ወይ ትለኛለች።" አለኝ። "አጥፋው ብዬ እንደ ነበር ነገርኳት።"

እሷ ወደ እኔ ዞረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ያን ቀን ግን ከእኔ አማርኛ ይበልጥ ገባኝ። "ወንዶች ዝም ይላል። እሺ፣ እሱ ዘፈን ነው፣ ሕግ ነው። እኔ ግን ቤት ነው ያለው። ማታ ዝም ነው፣ ጠዋት ዝም ነው። ሦስት ዓመት እኔ ዝም ብቻ ሰማ። ልጄ ይሄን ያውቃል፣ አይነግረኝም።" ደረቷን በጣቷ መታች። "የራሴ ልጅ!"

ኤርጎ መስኮቱ ሥር ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር። ከፍሥሐ የደረሰበት እንዲህ አላደረገውም፤ ያን ጊዜ ቢያንስ እናቱ ከጎኑ ያለች መስሎት ነበር።

ትንሽ ቆይታ ያ ልጅ የት ነው አለች። ሚዜውን ማለቷ ነው። ላናግረው አለች። ኤርጎ ስልኬን ተቀብሎ ድምፁን ለቆ ራሱ ደወለ። ፍሥሐ አነሣ። እናቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን አስጠግታ በአሪ ቋንቋ ብዙ ተናገረች፤ ስትጨርስ ለኤርጎ መለሰችለት።

"እማማ ምን አሉ?" ይላል ፍሥሐ ከማዶ። "ኤርጎ? አውጣው አሉ?"

ፍሥሐ አሪኛ አንዲት ቃል አያውቅም። እኔም አላውቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ እናቱ ያለችውን የሚያውቅ ኤርጎ ብቻ ነበር፤ "አዎ" ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ አባቱ በዚያው ቀን ያርፉለት ነበር። በዓይኔ ጠቀስኩት። አልበቃኝ ብሎ በከንፈሬ "አዎ በለው፣ አዎ በለው" አልኩት። አየኝ። ያን ጊዜ ሊዋሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

"አላለችም" አለ ኤርጎ። "ትመርቅሃለች። ዳርጌን ያላጠፋህ እጅህ ይባረክ ትላለች።"

"እማማ?" አለ ፍሥሐ።

እናቱ የኤርጎን ክንድ ነካ አድርጋ ሌላም አለች፤ ሁሉን ንገረው ማለቷ ይመስለኛል። እሱም ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ቀጠለ። "ልጄ ነህ ትላለች። የወለድኩት የከለከለኝን አንተ ሰጠኸኝ ትላለች። እንዳታወጣው ትላለች።"

"ኤርጎ፣ ወንድሜ፣ እኔ..." አለ ፍሥሐ። ኤርጎ ስልኩን ዘግቶ መለሰልኝ።

እናቱ የታብሌቱ መብራት ጠፍቶባት በመዳፏ ትዳብሰው ነበር፤ የትኛውን እንደምትነካ ጠየቀችው። አጠገቧ በርከክ አለና ጣቷን ይዞ አሳያት።